«እንስሳ እወዳለሁ» ማለት ይበቃል ወይ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የስልክ ክፍለ ጊዜያችን ስለ እንስሳት ባሕሪና ደኅንነት ትምህርት ነበር። ሰዓቱ አጥሮን መልሳቸው የተቆረጠባቸው አድማጮች ነበሩ። እዚህ ሰፋ አድርጌ ጽፌላችኋለሁ።

ከደብረ ብርሃን የደወለች አድማጭ፦ «12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። እንስሳ በጣም እወዳለሁ። የእንስሳት ባሕሪና ደኅንነት የሚባል ዲግሪ እዚህ አገር ልማር እችላለሁ?»

የኔ እህት፣ ምደባ ሲሞላ በዚህ ስም የተጻፈ ነገር ፍለጋ አትድከሚ። በእኛ አገር መንገዱ ዞር ያለ ነው። አብዛኛው ሰው የሚገባው በእንስሳት ሕክምና በር ነው። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አለ፤ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ጅማና ሐረማያም ያስተምራሉ። ሌላው በር እንስሳት ሳይንስ ነው። እሱ ወደ እርባታና መኖ ያደላል። ልብሽ ከዱር አራዊት ጋር ከሆነ ደግሞ ባዮሎጂ፣ ወይም ወንዶ ገነት የሚሰጠውን የዱር እንስሳት ትምህርት እዪ። የቱን ልምረጥ ካልሽኝ ሕክምናውን እላለሁ። ረጅም ነው፣ ግን እንጀራው የተሻለ ነው።

መውደድሽ ደስ ይላል። ፈተና ላይ ግን አይረዳሽም። ይህ ትምህርት ቁጥር ይበዛበታል። ከስታቲስቲክስ ጋር ከተጣላሽ ከወዲሁ ታረቁ።

ከአዲስ አበባ የደወሉ አባት፦ «ልጄ አውሮፓ ሄጄ የእንስሳት ባሕሪ እማራለሁ ይለኛል። ከብት ማየት እኮ እኛ በእረኝነት የጨረስነው ነው። ይኼ ዲግሪ ያስፈልገዋል?»

አባቴ፣ እረኛ የሚያውቀውን ብዙ ፕሮፌሰር አያውቀውም። በዚህ አልከራከርዎትም። ችግሩ ሌላ ነው። ዓይናችን ይሸውደናል።

በርሊን ውስጥ ሐንስ የሚባል ፈረስ ነበረ። ባለቤቱ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። «ሦስትና አራት ስንት ነው?» ሲባል ፈረሱ በኮቴው ሰባት ጊዜ መሬቱን ይመታል። ሊቃውንት መጥተው አዩ፤ ማታለያ አላገኙም። ከዚያ ኦስካር ፕፉንግስት የሚባል ተመራማሪ አንድ ቀላል ነገር ሞከረ። ጠያቂው ራሱ መልሱን እንዳያውቅ አደረገ። ሐንስ ወዲያው ጠፋበት። ፈረሱ ሒሳብ አይችልም ነበር፤ የሰውን አካል ነበር የሚያነበው። ጠያቂው ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ሳይታወቀው ራሱን ቀና ያደርጋል። ፈረሱም ያኔ ያቆማል። ይህ በ1907 እ.ኤ.አ. ታተመ። እስከ ዛሬ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይማረዋል።

ሌላ ልጨምርልዎ፣ ይህን የምወደው ስለሆነ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ብራምቤል የሚባሉ ፕሮፌሰር የመሩት ኮሚቴ ስለ እርባታ እንስሳት ለመንግሥት ሪፖርት አቀረበ። ዛሬ በየቦታው የሚጠቀሱት «አምስቱ ነፃነቶች» የበቀሉት ከዚያ ሪፖርት ነው፦ ከረሃብና ከጥም፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነፃ መሆን፣ የተፈጥሮ ባሕሪን ማሳየት መቻል። ጥሩ ሪፖርት ነው። ግን እዚያው ላይ ኮሚቴው የዶሮ ኬጅ (የሽቦ ሳጥን) ወለል ቀጭን ሽቦ አይሁን ብሎ መከረ። እግራቸውን ይጎዳል ብሎ አስቦ ነው። ለማንም የሚመስል ነገር ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ሂዩዝና ብላክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ዶሮዎቹን ራሳቸውን አስመረጧቸው። ዶሮዎቹ ሄደው የቆሙት በብዛት ቀጭኑ ሽቦ ላይ ነው! የሰው ርኅራኄ ሌላ፣ የዶሮ ምርጫ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በእርግጥ የመረጡት ሁሉ ይጠቅማቸዋል ማለት አይደለም፤ እኛም ጣፋጭ እንመርጣለን። ልጅዎ የሚማረው ይህን ነው፤ እንስሳን በእንስሳ ቋንቋ መጠየቅና መልሱን መመዘን። ይሂድ ባይ ነኝ።

ከመሐል ሜዳ የደወለ ወጣት፦ «ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ ቤቴ ሆኜ ምን ልለማመድ?»

ወንድሜ፣ አንተማ ሰው በአውሮፕላን የሚመጣበት ቦታ ነው የተቀመጥከው። የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ አጠገብህ ነው። እዚያ ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መንጋ መሐል ገብቶ አይጥ ሲያድን ተመራማሪዎች ተከታትለዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ከጭላዳ ጋር ሆኖ ካደረገው ሙከራ 67 በመቶ ያህሉ ተሳክቶለታል። ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። ጭላዳዎቹም ዝም ይሉታል። ይህን ያገኙት ቁጭ ብለው ቆጥረው ነው።

አንተ በአህያ ጀምር። ወፍጮ ቤት በር ላይ የታሰረች አህያ ምረጥ። መጀመሪያ አህያዋ የምታደርገውን ሁሉ ዘርዝር፦ ጆሮ ወደ ኋላ፣ ራስ ከትከሻ በታች፣ አንድ እግር ማሳረፍ፣ ጭራ መወንጨፍ፣ ማኘክ። ይህ ዝርዝር ኤቶግራም ይባላል። ከዚያ በየሁለት ደቂቃው ቀና ብለህ በዚያች ቅጽበት የምታየውን ብቻ ምልክት አድርግ። «አዝናለች»፣ «ደክሟታል» ብለህ እንዳትጽፍ። «ራሷ ከትከሻዋ በታች ነው» በል። ስሜቱን በኋላ ትደርስበታለህ። ጓደኛህን ጎንህ አስቀምጠህ ያንኑ አህያ ለየብቻ መዝግቡና አስተያዩ። ካልተስማማችሁ ዝርዝራችሁ ግልጽ አይደለም ማለት ነው፤ አስተካክሉት። ይህን ከአሁኑ ከቻልክ ከብዙ ተመራቂ ትቀድማለህ።

ከቢሾፍቱ የደወለች የእንስሳት ሐኪም፦ «ለማስተርስ የት ላመልክት? የገንዘቡስ ነገር?»

ዶክተር፣ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ዘርፍ ማስተርስ ማስተማር ከጀመረ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ቤልፋስት የሚገኘው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲም አለ። ስዊድን ሊንሾፒንግንም ተመልከቺ። የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቺቭኒንግ የሚባል የነፃ ትምህርት ዕድል ለኢትዮጵያውያን ክፍት ነው። የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ከተማርሽ በኋላም ሁለት ዓመት አገርሽ መመለስ አለብሽ።

ማመልከቻሽ ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ እንስሳ እወዳለሁ» የሚለውን ሰርዢው። ሁሉም ይጽፈዋል። አንቺ ያለሽው ሌላው የሌለው ነው። የጋማ ከብት! በዓለም ብዙ አህያ ያለው እኛ ጋ ነው። እዚያው ከተማሽ የነበረው የአህያ ቄራ በ2017 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ቅሬታ ተዘግቶ ነበር፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት ለቆዳው ሲባል አህያ እንዳይታረድ ወስኗል። የመጫኛ ቁስል በየቀኑ ታያለሽ። ከዚያ አንድ ጥያቄ አውጪና እሱን ጻፊ። ስትመለሺም ሥራው በብዛት ያለው እዚያው ዙሪያ ነው፤ ለሥራ እንስሳት የቆሙት ድርጅቶች ዶንኪ ሳንክቹሪ፣ ብሩክ፣ ስፓና ሁሉም እዚህ ይሠራሉ። ቦታው ጥቂት፣ ወረፋው ረጅም መሆኑን ግን አልደብቅሽም።

ከሜሪላንድ የደወሉ እናት፦ «ልጄ የውሻ ባሕሪ ባለሙያ መሆን ትፈልጋለች።»

እናቴ፣ እዚያ አገር ማንም ተነስቶ «ባለሙያ ነኝ» ይላል፤ ተጠንቀቁ። ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንዱ የእንስሳት ሐኪም ሆኖ በባሕሪ ስፔሻላይዝ ማድረግ ነው። ሌላው በማስተርስ ወይም በዶክትሬት ተምሮ፣ የእንስሳት ባሕሪ ማኅበር የሚሰጠውን የሙያ ማረጋገጫ መውሰድ ነው። መድኃኒት ማዘዝ የሚችለው ሐኪሙ ብቻ ነው።

ስሙን ያልነገረን አድማጭ፦ «ደም ማየት አልችልም። ቄራ መሄድ ግዴታ ነው?»

በሕክምናው በር ከገባህ፣ አዎ። የእንስሳ ደኅንነት እስከ እርድ ድረስ ነው። ግን እዚያ የሚታየው ደም ብቻ አይደለም። የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲዋ ቴምፕል ግራንዲን ስሟ የገነነው ከእርዱ በፊት ባለው መተላለፊያ ላይ ባደረገችው ሥራ ነው። በሬ አልሄድም ብሎ ሲገትር ሰው ዱላ ያነሳል። እሷ ግን በበሬው ቁመት ጎንበስ ብላ መንገዱን አየች። የተንጠለጠለ ሰንሰለት፣ ኩሬ ላይ የሚያብረቀርቅ ብርሃን፣ መሬት ላይ የወደቀ ጥላ አገኘች። እነዚያ ሲነሱ በሬው ይሄዳል። ይህን ለማየት ደም ያለበት ክፍል መግባት አያስፈልግም፤ የሚጠናው ከውጭ በረቱ ጋ ነው። እሱም ከከበደህ በባዮሎጂ በኩል ግባና ወደ ዱር አራዊቱ ሂድ። እዚያ የሚያስቸግርህ ባሌ ላይ የሚጠብቅህ ብርድ ነው።