ሚስተር ዎልፍ ሲለቁ እኛ የት ነን?

(የካቲት 23 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ማርች 2 ቀን 2014፣ በስተርሊንግ፣ ቨርጂኒያ፣ በ118ኛው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ለዓድዋ ድል በዓል በሰላም አደረሳችሁ።

ዛሬ ማታ በረዶ ይጀምራል ብለዋል፤ ስለዚህ አላስረዝምም። ከኋላ የምትስቁት ታውቁኛላችሁ ማለት ነው።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ ዓድዋና የዛሬው ትውልድ የሚል ነበር። ስለ ዓድዋ ግን ከእኔ በፊት የተናገሩት አባታችን ምንም አላስቀሩልኝም፤ ብጨምርበት ማበላሸት ነው የሚሆነው። የዛሬው ትውልድ የተባልነው ደግሞ እኛው ነን፤ የምንኖረውም እዚሁ ነው። ስለዚህ ስለዚሁ ስለምንኖርበት አገር ላውራ። ስለ ወረዳችን ተወካይ ስለ ኮንግረስማን ፍራንክ ዎልፍ።

ሰውየው ባለፈው ዲሴምበር 17 ከእንግዲህ አልወዳደርም አሉ። ዘንድሮስ ይለቁ ይሆን እየተባለ ሲወራ ሰምተን፣ ተመልሰው ሲወዳደሩና ሲያሸንፉ አይተን ለምደን ነበር። አሁን ግን ወሬ አይደለም፣ በራሳቸው አንደበት ተናግረውታል። 75 ዓመታቸው ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር (ዓመቶቹን በዚሁ ነው የምጠራው) በ1976 ሞክረው ገና በፓርቲያቸው ውስጥ ተሸነፉ፣ በ1978 ደግመው ተሸነፉ፣ በ1980 ሬገን ሲመረጡ አብረው ገቡ። ይኸው 17 ጊዜ ተመርጠዋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካሉት ልጆች የብዙዎቹ አባትና እናት ገና አሜሪካን በካርታ ሲፈልጉ እሳቸው ኮንግረስ ውስጥ ነበሩ።

ታዲያ ለእኛ ምናችን ናቸው? ጥሩ ጥያቄ ነው።

በእኛ አቆጣጠር በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ፣ ቶኒ ሆል የሚባሉ የኦሃዮ ዴሞክራት ባልደረባቸው ሄደህ በዓይንህ ማየት አለብህ ብለው ገፋፏቸው። ሪፐብሊካኑን ዴሞክራቱ ነው የላካቸው፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ሄዱ። አላማጣ ደርሰው፣ የእርዳታ እህል በሚታደልበት ጣቢያ አደሩ። ከአውሮፕላን ወርዶ ፎቶ ተነስቶ የሚመለስ እንግዳ ስንቱን አይተናል! እሳቸው ግን እዚያው አድረው፣ ሌሊቱን ሰው ሲያልቅ አይተው ነው የተመለሱት። ያ ጉዞ ሕይወቴን ለወጠው ሲሉ ከዚያ ወዲህ ደጋግመው ተናግረዋል። ከዚያ በኋላ የሰብአዊ መብት ጉዳይ ባለበት የማይገኙበት ቦታ የለም፤ ሱዳን በሉት፣ ቻይና በሉት። የ1998ቱ ዓለም አቀፍ የሃይማኖት ነፃነት ሕግ መነሻው እሳቸው ናቸው። እዚህ መካከል ያኔ ኮረምና አላማጣ የነበራችሁ ሰዎች አላችሁ። ስማችሁን አልጠራም። ግን ይህ ሰው እናንተ ያያችሁትን ያየ ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደግሞ የወከለው እዚሁ እኛ ያለንበትን ሰፈር ነው።

መልአክ ናቸው አላልኩም። ሪፐብሊካን ናቸው፤ በውርጃ ጉዳይ ከማንም ወግ አጥባቂ አያንሱም፣ እኔም ከእሳቸው ጋር የማልስማማበት ብዙ ነገር አለ። ግን ጥቅምት ላይ መንግሥት 16 ቀን ተዘግቶ ስንቱ የመንግሥት ሠራተኛ ቤቱ ሲቀመጥ፣ ይከፈት ብለው ከራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ጋር የተከራከሩት እሳቸው ናቸው። ታክስ መቼም አንጨምርም የሚለውን ቃል ኪዳን አልፈርምም ካሉት ጥቂት ሪፐብሊካኖችም አንዱ ናቸው። ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ለሚመጣው የሜትሮ ባቡር መስመር ስንት ዓመት ተሟግተዋል። በእኛ ፖለቲካ እንዲህ ያለውን ሰው መሃል ሰፋሪ ብለን ከሁለቱም ወገን እንሰድበዋለን። እዚህ ግን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። አሁን እንዲህ ያለው ሰው እየሄደ ነው። ጎረቤታችን ቶም ዴቪስም እንዲሁ ለዘብተኛ ሪፐብሊካን ነበሩ፤ በ2008 አልወዳደርም ብለው ሲለቁ ወንበሩ ወዲያው ወደ ዴሞክራቱ ጌሪ ኮኖሊ ዞረ። እዚያ ማዶ ደግሞ ኮንግረስማን ጂም ሞራን ጃንዋሪ ላይ እለቃለሁ ብለዋል። በአንድ ክረምት፣ በአንድ አካባቢ፣ ሁለት ወንበር!

አሁን ወደመጣሁበት ልግባ።

ባለፈው ኖቬምበር ምን እንደነበር አስታውሱ። ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሳዑዲ ውስጥ ሲደበደቡ፣ ሲታሰሩ፣ ሲባረሩ፣ እኛ ምን አደረግን? የሳዑዲን ኤምባሲ ደጃፍ ሞላነው። ሥራ ቀርቶ፣ ታክሲ ቆሞ፣ እናቶች በብርድ ባንዲራ ለብሰው አለቀሱ። ኮራሁ። እውነቴን ነው፣ በዚያ ቀን በሀበሻነቴ ኮራሁ።

በዚያው ወር፣ ኖቬምበር 5፣ የቨርጂኒያ ምርጫ ነበር። የዚሁ የላውደን ካውንቲ ሰው፣ ሴናተር ማርክ ሄሪንግ፣ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ተወዳድረው ነበር። ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ። ልዩነቱ ስንት ነበር? 165! ሺህ አላልኩም፣ 165 ሰው። እንደገና ሲቆጠር 907 ሆነ። ኤምባሲው በር ላይ የቆምነው ብቻ ከዚያ እንበልጥ ነበር! ዓርብ ማታ ደለስ ሎት፣ የታክሲ መቆሚያው ውስጥ ተራውን የሚጠብቀው የእኛ ሹፌር የአንድን ግዛት ዐቃቤ ሕግ ሊወስን ይችል ነበር! ለሰልፍ የሚወጣ እግር ከቤት አምስት ደቂቃ ወደሚርቅ የምርጫ ጣቢያ ሲሆን ለምን ይደነዝዛል?

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። የቆያችሁት ታስታውሳላችሁ፤ እኔ ታክሲ ስነዳ በነበረበት ዘመን ሹፌሩ በየሳምንቱ በሚከፍለው ገንዘብ ተማሮ ነበር። መኪና ብትነዳም ባትነዳም ትከፍላለህ፣ ብትታመምም ትከፍላለህ። ተሰበሰብን። ከእኛ መካከል አገር ቤት መምህር የነበረ አንድ ወንድማችን አለ፤ አቤቱታውን እንዲህ ባለ እንግሊዝኛ ጻፈው፣ እኛ ራሳችን መዝገበ ቃላት እስክንፈልግ ድረስ። ፊርማ አሰባሰብን። በየሎቱ፣ በየቡና ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሳይቀር። ወረቀቱ ወፍሮ ወፍሮ መጽሐፍ አከለ። ከዚያ ሱፋችንን ለብሰን፣ አንዱ ከሠርጉ ወዲህ ያልለበሰውን ሱፍ ለብሶ፣ ወደ አንድ የተመረጠ ሰው ቢሮ ሄድን። የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ዛሬ አይጠቅምም።

የተቀበለን አንድ ልጅ እግር ነው፣ ገና ጺም ያላወጣ። ግን ጨዋ ነው፤ ውሃ ሰጠን፣ አስቀመጠን፣ አዳመጠን። መምህሩ ወንድማችን ንግግሩን ሲጨርስ ልናጨበጭብ ምንም አልቀረንም። ልጁ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ በዚህ ወረዳ የሚኖሩት ስንት ናቸው አለን። ተያየን። ግማሹ ሜሪላንድ ነው፣ ገሚሱ አሌክሳንድሪያ። እሺ፣ እዚህ ከሚኖሩት ውስጥ ለመምረጥ የተመዘገቡትስ አለ። አሁን መተያየቱም ቀረ፣ ሁላችንም ምንጣፉን ማየት ጀመርን። ልጁ አልሳቀብንም። ቢስቅብን ይሻል ነበር። አመሰግናለሁ፣ አስተላልፋለሁ አለ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ እስከ በር ሸኘን። እስከዛሬ መልስ እየጠበቅን ነው።

ብዙ ወንድሞቼ ከቢሮው እንደወጡ ዘረኛ ናቸው አሉ። እኔ ግን ልጁ የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው ብዬ ነው የማምነው። የእኛ ፊርማ ከማንም አያንስም ነበር፣ ግን ከጀርባው ድምፅ የለውም። ያንን እሱ በአንድ ደቂቃ አወቀብን።

እስቲ እንተዛዘብ። ቡና ቤት ቁጭ ብለን አዲስ አበባ ያለውን ሚኒስትር ሁሉ፣ ከነምክትሉ፣ ከነመንደሩ እንዘረዝራለን። የካውንቲህ ተወካይ ማን ነው ሲባል ዝም። ልጅህ የሚማርበትን ትምህርት ቤት ባጀት ማን ነው የሚያጸድቀው ሲባል ዝም። ጃንዋሪ 21 እዚሁ ሄሪንግ የለቀቁትን የሴኔት ወንበር ለመሙላት ምርጫ ተደርጎ ጄኒፈር ዌክስተን አሸነፉ። ስንቶቻችን ሰማን? እጃችሁን አታውጡ፣ አላሳፍራችሁም።

ስለ አገራችን ጉዳይም ቢሆን ያው ነው። በ2007 ኤች አር 2003 የተባለውን፣ ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ተጠያቂነት የቀረበውን የሕግ ረቂቅ ታስታውሳላችሁ። ስንት ደብዳቤ ተጻፈ፣ ስንት ስልክ ተደወለ! ኦክቶበር 2 ላይ በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ፣ ጨፈርን። ሴኔት ገባና እዚያው ቀረ። ሎቢስት፣ ማለትም በክፍያ ሕግ አውጪዎችን የሚያግባባ ሰው፣ ተቀጥሮብን ነው ተባለ። ይሆናል። ግን ሎቢስት የሚያሸንፈው መራጭ የሌለውን ሰው ነው!

አሁን ዘንድሮ ስላለው ነገር። ይህ የእኛ አሥረኛው የምርጫ ወረዳ ከማክሊን ተነስቶ እስከ ዊንቸስተር ይሄዳል። ላውደን ሙሉ በሙሉ ውስጡ ነው። ላውደን ደግሞ በ2000 ወደ 170 ሺህ ሕዝብ ነበረው፣ በ2010 ከ312 ሺህ በላይ ሆኗል። የጨመረው ማን ነው? እኛ ነን፣ ሕንዶች ናቸው፣ ኮሪያዎች ናቸው፣ ሳልቫዶሮች ናቸው። በ2012 የሪፐብሊካኑ የፕሬዚዳንት እጩ ሮምኒ ይህን ወረዳ ያሸነፉት ለጥቂት ነው። ሚስተር ዎልፍ ግን በዚያው ቀን በሰፊው አሸነፉ፤ ሰዉ የመረጠው ሰውየውን ነው እንጂ ፓርቲውን አይደለም። ስለዚህ እሳቸው ሲሄዱ በሩ ክፍት ነው።

ከሪፐብሊካኖቹ ባርባራ ኮምስቶክ አሉ፣ ቀድሞ የሚስተር ዎልፍ ረዳት የነበሩ፤ አሁን የግዛቱ ምክር ቤት አባል ናቸው። ቦብ ማርሻል አሉ፣ እሳቸው ለዘብተኛ የሚባል ነገር በደረሰበት አይደርሱም። ሌሎችም አሉ። ከዴሞክራቶቹ የፌርፋክሱ ጆን ፋውስት አሉ። የእኔን ግምት ከጠየቃችሁኝ ኮምስቶክ ያይላሉ። ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመት ቤቱ የሚቀረው መራጭ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁና፤ የሚቀረው የእኛ ዓይነቱ ነው። ፋውስት ፌርፋክስ ላይ ይጠነክራሉ፣ ዊንቸስተር አካባቢ ይሸነፋሉ፣ ወሳኙ ላውደን ነው። እኔ ማንን ምረጡ አልልም፣ ይህ የዓድዋ በዓል ነው። ግን ሪፐብሊካኖቹ ኤፕሪል 26 ፓርቲው ራሱ በሚከፍታቸው ጥቂት ጣቢያዎች እጩአቸውን ይመርጣሉ። በቨርጂኒያ በፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ባለው ምርጫ የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ለዘብተኛው ይሁን አክራሪው እዚያ ነው የሚለየው። ኖቬምበር ላይ የምታዩት ስም ሁለት ብቻ ሲሆን ማን መረጠልን እንዳትሉ።

እጩዎቹን እዚሁ አዳራሽ እንጥራቸው። ሁሉንም፣ የማንወዳቸውንም ጭምር። ስንት ሰው ተመዝግቧል ብለው ሲጠይቁን ደግሞ ምንጣፍ እንዳናይ።

ሌላው ቶሎ ቶሎ ነው። ከዘንድሮው ጁላይ 1 (2014) ጀምሮ ለመምረጥ ፎቶ ያለው መታወቂያ ያስፈልጋል፤ መንጃ ፈቃድም ፓስፖርትም ይሆናል። ለሌለው የምርጫ ቢሮው በነፃ ይሰጣል፣ እናቶቻችንን አስቡበት። ለዘንድሮው ምርጫ ምዝገባ የሚዘጋው ከምርጫው 22 ቀን በፊት ነው። አድራሻ የቀየራችሁ አሳውቁ።

ፎርሙ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ልጆቹ ያስሞሏችኋል። ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ እባካችሁ እንዳትፈርሙ፤ ዜጋ ሳይሆኑ መመዝገብ ወንጀል ነው፣ ኋላ ዜግነታችሁን ያስከለክላችኋል። እናንተ የዜግነት ማመልከቻ ፎርሙን ከሁለተኛው ጠረጴዛ ውሰዱ። ምግቡ የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው፤ ግን ምግቡ ጋ ለመድረስ በጠረጴዛው በኩል ነው የሚታለፈው። ሆን ብለን ነው እንዲህ ያደረግነው።

አመሰግናለሁ።