የጉንዳጋይ ጎርፍና የዊራጁሪ ሕይወት አዳኞች

የተከበራችሁ የማኅበረሰባችን አባላት፣ ክቡራንና ክቡራት፤

ዛሬ የምናገረው በአውስትራሊያ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት፣ በማረምቢጂ ወንዝ አጠገብ ስለምትገኘው ትንሽ የገጠር ከተማ ስለ ጉንዳጋይ ነው።

ከተማዋ መጀመሪያ የተቆረቆረችው ዛሬ ባለችበት ከፍታ ላይ ሳይሆን በወንዙ ዳር በተንጣለለው ሜዳ ላይ ነበር። የወንዙን ጠባይ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የሚያውቁት የአገሩ ባለቤቶች፣ ማለትም የዊራጁሪ ሰዎች፣ ቦታው ጎርፍ የሚተኛበት መሆኑን ለሰፋሪዎቹ ነግረዋቸው ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኙም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1844 ወንዙ ሞልቶ ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ እንኳ ነዋሪው ከሜዳው አልተነሣም።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 24 ቀን 1852 ሌሊት ማረምቢጂ ድንገት ሞልቶ ቤቶቹን ጠራርጎ ወሰደ። ከ250 ያህሉ ነዋሪ ሲሶው ገደማ አለቀ፤ የተረፈው ጣራ ላይና ዛፍ ላይ ወጥቶ የድረሱልኝ ጩኸት ያሰማ ነበር።

የደረሱለት ዊራጁሪዎች ናቸው። በእነርሱ ዘንድ ታንኳ የሚሠራው ከባሕር ዛፍ ግንድ በወጥ ከተላጠ ቅርፊት ሲሆን፣ ያሪ የተባለው ሰው በዚያ ጨለማ፣ ግንድና የቤት ፍራሽ በሚያንከባልለው ደራሽ ውኃ ላይ የቀዘፈው እንዲህ ባለች፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው በላይ በማትችል ታንኳ ነበር። አንዱን ደረቅ መሬት ላይ አድርሶ ለሌላው ይመለሳል፤ እንደገናም ይመለሳል። ባልንጀራው ጃኪ ጃኪ በጀልባ አገዘው፤ ሌሎች ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ደከሙ። ሁለቱ ብቻ 69 ሰዎችን እንዳዳኑ ይነገራል። መሬታቸውን የወሰደባቸውን፣ ምክራቸውንም የናቀባቸውን ሰው ከሞት ለማውጣት ነፍሳቸውን ለአደጋ ማጋለጣቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

በቀጣዩ ዓመት ጎርፉ ዳግመኛ መጣ፤ ከተማዋም በመጨረሻ ወደ ከፍታው ወጣች። ለሁለቱ ሰዎች የተሰጣቸው በደረት ላይ የሚንጠለጠል የነሐስ ሰሌዳ ሲሆን፣ ከነዋሪው ስድስት ፔንስ እየጠየቁ እንዲቀበሉም ተፈቀደላቸው። ይህ በእኔ አመለካከት ለዋሉት ውለታ እጅግ ያነሰ ነበር። ያሪ በ1880 ዐረፈ። ሁለቱን ከነታንኳቸው የሚያሳየው የነሐስ ሐውልት በከተማዋ ዋና መንገድ፣ በሸሪደን ጎዳና የቆመው ግን ከጎርፉ 165 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው።

ስለዚህ ከሲድኒ ወደ ሜልበርን በሂዩም አውራ ጎዳና የምትጓዙ ወላጆች፣ ጉንዳጋይ ስትደርሱ ወደ ከተማው ገብታችሁ ልጆቻችሁን ሐውልቱ ዘንድ እንድትወስዷቸውና የያሪንና የጃኪ ጃኪን ታሪክ በአማርኛ እንድትነግሯቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።