ሦስት ያመጣው ቡድን አልተሳሳተም

(ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሒሳብ መምህራን፣ በክረምት ሥልጠና መክፈቻ)

የተከበራችሁ መምህራን፤

ስለ ናሙና እንድናገር ተጋብዣለሁ። የመጣሁት ግን ስለ ቀይ እስክሪብቷችን ልናገር ነው።

ክፍሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። 60 ተማሪ፣ 12 ቡድን፣ በየቡድኑ አንድ የጨርቅ ከረጢት። በከረጢቱ 40 ቀይና 60 ነጭ ቦሎቄ አለ። ቡድኑ ሳያይ 10 ያወጣል፣ ቀዩን ይቆጥራል፣ ሁሉንም መልሶ ያናውጣል፣ አምስት ጊዜ ይደግማል። መምህሩ «መልሱ 4 ነው» ብሎ ቆሟል። አንዱ ቡድን 3 ይላል፣ ሌላው 6። «እንደገና ቁጠሩ!» ይባላሉ። በሚቀጥለው ዙር ክፍሉ በሙሉ 4 ይላል። ቦሎቄውን አልቆጠሩም፤ የመምህሩን ፊት አንብበዋል።

ይህ ማስተማር ነው? 12 ቡድን አምስት አምስት ጊዜ ሲያወጣ ከሚገኘው 60 ውጤት ልክ 4 የሚሆነው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ሁለት ሦስተኛው ገደማ ከ3 እስከ 5 ያርፋል፤ አልፎ አልፎ 1ም 7ም ይመጣል። 12ቱም ቡድን በአንድ ዙር 4 የማውጣቱ ዕድል ከሚሊዮን አንድ አይሞላም! እንዲህ ያለ ክፍል ሲገጥመን የምናጨበጭብ እኛ ነን፤ 3 ብሎ እውነቱን የተናገረውን ልጅ ግን በቀይ እንሰርዘዋለን። ልዩነቱ የትምህርቱ እንከን አይደለም። ትምህርቱ ራሱ እሱ ነው።

ቃሉም አላገዘንም። ናሙና «በዘፈቀደ» ይወጣል ሲባል ተማሪው የሚሰማው እንዳሻ፣ በግድየለሽነት የተሠራ ነገር ነው። የእኛ ዘፈቀደ ግን እያንዳንዱ እኩል የመውጣት ዕድል የሚያገኝበት ጥብቅ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ከዕቁብ ዕጣ ጀምሩ። ወረቀቱ እኩል ተቆርጦ፣ እኩል ተጠቅልሎ፣ ተናውጦ ካልወጣ ዕቁብተኛው ዝም እንደማይል ልጆቹ ከቤታቸው ያውቃሉ።

ማናወጡን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ለቬትናም ጦርነት የሚመለመሉ ወጣቶችን በልደት ቀን ዕጣ ለየች። 366 ቀኖች በ366 እንክብል ውስጥ ገቡ። ሳጥኑ ውስጥ የተጨመሩት ግን በወር በወር ነበር፤ ጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ዲሴምበር መጨረሻ። በቂ መቀላቀል ስላልተደረገ በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱት በብዛት ቀድመው ወጡ፤ ቀድሞ የወጣ ደግሞ ቀድሞ ይዘምታል። ዕጣ ተብሎ፣ በአደባባይ፣ በቴሌቪዥን ወጥቶ! እኛም ቀዩን ከታች፣ ነጩን ከላይ አፍስሰን አንዴ ነቅነቅ እናደርግና ከላይ እንዘግናለን።

ባቄላና ሽምብራ አትቀላቅሉ። ጣት መጠኑን ይለያል፤ ሲናወጥም ትልቁ ወደ ላይ ይወጣል። መጠኑ እኩል የሆነ ቀይና ነጭ ቦሎቄ ካልተገኘ፣ ነጩን ቆጥራችሁ ከፊሉን በቀለም ንከሩና በደንብ አድርቁት። እርጥብ ቦሎቄ እርስ በርስ ይጣበቃል።

ሰሌዳው ላይ ከ0 እስከ 10 መስመር ይሰመር፤ እያንዳንዱ ቡድን በራሱ እጅ ነጥቡን ያኑር። መምህሩ ጠመኔውን ሲይዝ ነጥቦቹ ወደ 4 ይጠጋሉ (ለምን እንደሆነ እናውቃለን)። ከዚያ 12ቱንም ከረጢት ወደ አንድ ጆንያ ገልብጡና ቡድኑ 40፣ 40 ያውጣ። ውጤቱን ሁሉ ወደ መቶኛ ለውጣችሁ ከፊተኛው ሥር በዚያው መለኪያ አስቀምጡት። በ10 ናሙና ከ10 እስከ 70 በመቶ የተዘረጋው በ40 ከ25 እስከ 55 ይሰበሰባል። ናሙናው አራት እጥፍ ሲያድግ ስርጭቱ የሚጠበው በግማሽ ነው፤ ልጆቹ አራተኛ ይሆናል ብለው ይገምታሉ፤ ይገምቱ፣ አትቅደሟቸው።

ትልቅ ናሙና አድልዎን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1936 «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ የፕሬዚዳንት ምርጫውን ላንደን ያሸንፋል አለ፤ ሩዝቬልት በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ስም ዝርዝሩ በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ የተለቀመ ነበር፤ ያኔ ስልክና መኪና የነበረው ደግሞ በአብዛኛው የተሻለ ገቢ ያለው ነው፤ መልስ የላከውም ደስ ያለው ብቻ ነው። የእኛ ልጆችም ስለ መንገድ ርዝመት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ከደወል በፊት ከጠየቁ፣ ከሩቅ እየመጣ የሚያረፍደው አይቆጠርም። ከፊት ወንበር ከመጠየቅ ከ1 እስከ 60 ቁጥር ጽፎ ዕጣ ማውጣት ይሻላል።

ከረጢቶቹ በሩ አጠገብ ናቸው። አምስት አምስት ሁናችሁ ውሰዱ። በእነዚህ ውስጥ ያለው ቀይ 40 አይደለም፤ ስንት እንደሆነም አልናገርም።

አመሰግናለሁ።