ወፍራም ሚልክሼክ በቤታችን፦ በረዶው ከውስጥ ይግባ ከውጭ?

ወንድምዓለም፦ እንኳን ደህና መጣችሁ አድማጮቻችን፤ ከባሕር ዳር ነን። የዛሬው ርዕሳችን ሚልክሼክ ነው። ቀጭኑን ማለቴ አይደለም፤ ስትሮ ሲሰኩበት ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ነው። ማንጎ፣ ቡና፣ ቸኮሌት፣ አቮካዶ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ እናያለን። እህትዓለም፣ ከማንጎው እንጀምር?

እህትዓለም፦ ከማንጎው አንጀምርም። መሠረቱ ሳይያዝ ጣዕም ምን ያደርጋል? ቤት ውስጥ የሚሠራው ሚልክሼክ የሚቀጥነው በፍራፍሬው አይደለም፣ በበረዶው ነው። ወተት፣ ፍራፍሬ፣ ስኳር፣ ላዩ ላይ አንድ እፍኝ በረዶ፤ ከዚያ ብሌንደር። መጀመሪያ ወፍራም ይመስላል። ትንሽ ሲቆይ ከታች ውሃ፣ ከላይ አረፋ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ወንድምዓለም፦ ቆይ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። በረዶ ከሌለ በዚህ ሙቀት ምኑ ይቀዘቅዛል?

እህትዓለም፦ ወተቱ ራሱ ነዋ! መቀዝቀዝ ያለበት እሱ ነው። በረዶ ውሃ ነው፤ ሲቀልጥ የሚጨምርልህ ውሃ ብቻ ነው፣ ስቡም ጣፋጩም ይሳሳል። ወተቱን ቀቅለህ፣ አወፍረህ፣ በበረዶ መሥሪያው ትሪ ላይ አድርገህ ፍሪዘር ውስጥ እንደ በረዶ ብታረጋው ግን የሚቀልጠውም ወተት ነው። ቢቀልጥም አይሳሳም።

ወንድምዓለም፦ እሺ፣ መሠረቱን ንገሪን። በልክ።

እህትዓለም፦ 1 ሊትር ወተት፣ 120 ግራም ስኳር፣ 25 ግራም ኮርን ስታርች፣ 30 ግራም የዱቄት ወተት፣ አንድ ቁንጥር ጨው። ሚዛን የሌለው ሰው በሾርባ ማንኪያ ይለካ፦ ስኳሩ ልሙጥ 10፣ ስታርቹ ልሙጥ 3፣ የዱቄት ወተቱ 4። ከሊትሩ ላይ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ወተት ቀንሰህ ስታርቹንና የዱቄት ወተቱን እሱ ላይ በጥብጥ። ስታርች ትኩስ ወተት ላይ ከገባ ወዲያው ይጓጉላል፣ ከዚያ ወዲያ ማማሰል አያድነውም። የቀረውን ወተት ከስኳሩና ከጨው ጋር ጣድ፤ ሊፈላ ሲል ብጥብጡን በቀጭኑ እያንቆረቆርክ አማስል።

ወንድምዓለም፦ እና መፍላት ሲጀምር ይወርዳል።

እህትዓለም፦ አይወርድም! እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፣ 100 አይደርስም። ስታርች ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሚወፍረው ወደ 95 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ስለዚህ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ከጀመረ በኋላ በመለስተኛ እሳት 3 ደቂቃ ሙሉ ሳታቋርጥ አማስል። ቀድመህ ካወረድከው የዱቄት ጣዕም ይኖረዋል፣ ሲረጋም ውሃ ይለያል።

ወንድምዓለም፦ ስታርቹ ግን ለምን? ወተቱን እንዲሁ ባረጋውስ?

እህትዓለም፦ እንዲሁ ካረጋኸው ውሃው ተለይቶ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራል፤ ሲፈጭ ጥርስ ላይ ይንኳኳል። ስታርቹ ውሃውን ይይዘዋል። የዱቄት ወተቱም እንደዚያው፤ ውሃ ሳይጨምር ፕሮቲኑን ያበዛዋል። ስኳሩ ደግሞ ለጣፋጭነት ብቻ አይደለም የገባው፤ እንደ ድንጋይ እንዳይጠጥር ያደርገዋል። ስኳር እቀንሳለሁ ብለህ 50 ግራም ብታደርገው ብሌንደርህ አይፈጨውም። ማር የሚወድ ሰው ከስኳሩ ላይ 2 ማንኪያ ቀንሶ 1 ማንኪያ ማር ይጨምር። ሁሉንም በማር ከለወጠው ግን ፍሪዘር ውስጥ ቢያድርም አይጠጥርም፤ ማር ከስኳር ይልቅ መርጋትን ይከለክላል።

ወንድምዓለም፦ ከየቤቱ በጆግ የሚገዛው የላም ወተትስ?

እህትዓለም፦ ከሁሉም እሱ ይሻላል፣ ስቡ ስላልተነሣ። ግን መፍላት አለበት፣ ይህ ላይ ድርድር የለም። ስልባቦቱንም አትጣለው፤ ወተቱ ውስጥ መልሰህ ምታው፣ ስቡ ያለው እዚያ ነው። ከመጣድህ በፊት ሁለት ማንኪያ ወተት በትንሽ ብረት ድስት አፍላ። ከተቆራረጠ ወተቱ ከጠዋት ጀምሮ ሙቀት ላይ ውሎ መኮምጠጥ ጀምሯል ማለት ነው፤ ለእርጎ ይሁን፣ ለዚህ አይሆንም።

ወንድምዓለም፦ ጥሩ። አሁን ፍሪዘር ውስጥ ገባ።

እህትዓለም፦ ገና ትኩስ ነው፣ የት ይገባል! ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው፣ ውሃውን አንዴ ወይ ሁለቴ ቀይር። ላዩ ላይ ቆዳ እንዳያወጣ ንጹሕ ፕላስቲክ ወተቱን እስኪነካ ድረስ አልብሰው። ሲበርድ ትሪው ላይ ይቀዳ፤ ትሪ ከሌለ ዝርግ ዕቃ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት። ከዚያ በላይ ካወፈርከው መሐሉ ቶሎ አይረጋም፤ ቀስ ብሎ የሚረጋ ደግሞ ቅንጣቱ ያድጋል። በተለይ ባለ አንድ በር ፍሪጅ ያለው ሰው ይህን ልብ ይበል። የእሱ ፍሪዘር እንደ ትልቁ ከዜሮ በታች 18 አይደርስም፤ መቆጣጠሪያውን ከማታው ጀምሮ የመጨረሻው የቅዝቃዜ ደረጃ ላይ አድርጎ ያሳድረው።

ወንድምዓለም፦ እና ባሕር ዳር ፍሪዘር ውስጥ ምን አለ? ዓሣ አለ!

እህትዓለም፦ ልደርስበት ነበር! ዓሣ አለ። ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ። ከዓሣው ጎን ክፍት ወተት ካሳደርክ ጠዋት የምትጠጣው የዓሣ ሚልክሼክ ነው። የወተት ስብ ሽታ ይስባል፤ ስኳርም ቫኒላም አይሸፍነውም።

ወንድምዓለም፦ የቆሮሶ ጣዕም። ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

እህትዓለም፦ እንዳይገባበት ነው የምለፋው። ዓሣው በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከታች። ወተቱ ትሪው ላይ ከረጋ በኋላ ቁራጮቹን አውጥተህ ክዳን ባለው ዕቃ ክተትና ከላይ አድርገው። ትሪው ላይ ክፍቱን አይክረም፤ ሽታውም ይገባበታል፣ ዳር ዳሩም ይደርቃል። ሽንኩርትና ቁሌትም እንደ ዓሣው ናቸው።

ወንድምዓለም፦ መብራት ሲሄድስ? አሁን የኔ በረዶ ሊፈለግ ነው።

እህትዓለም፦ መብራት ሲሄድ የፍሪዘሩን በር አትክፈት። ሙሉ ፍሪዘር ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን ለረጅም ሰዓት ይይዛል፤ ባዶ ከሆነ ቶሎ ይለቃል። መብራት ሲመጣ እየው፦ ወተቱ ውስጥ አሁንም በረዶ ካለ መልሰህ ማርጋት ትችላለህ፣ ከዚያ በኋላ ግን ቅንጣቱ ስለሚያድግ በደንብ መፈጨት አለበት። ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ሞቆ ከሆነ ይደፋ።

ወንድምዓለም፦ ማዕድ ሊቀርብ ሲል መብራት የለም፣ እንግዳ ግን መጥቷል። ከሱቅ በረዶ ገዝቼ መጣሁ። በረዶው ጥፋቱ ምንድን ነው?

እህትዓለም፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ልስጥህ። በረዶው ከውጭ ይግባ።

ወንድምዓለም፦ ገባ!

እህትዓለም፦ ከውጭ ነው ያልኩት! አንድ ኪሎ ተኩል የተሰባበረ በረዶ ከግማሽ ኪሎ ጨው ጋር ባልዲ ውስጥ ቀላቅል፤ ሦስት እጅ በረዶ፣ አንድ እጅ ጨው። ጨው በረዶውን ሲያቀልጠው ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ከ15 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ያዘጋጀኸውን ቀዝቃዛ መሠረት፣ ግማሽ ሊትር፣ ክዳን ባለው የብረት ጣሳ አድርገህ መሐሉ ላይ ቅበረው። ጣሳውን አሽከርክር። በየ5 ደቂቃው ክዳኑን ከፍተህ ጠርዝ ላይ የረጋውን በማንኪያ እየፋቅህ ወደ መሐል መልስ። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ወፍራም ሚልክሼክ አለህ፤ ብሌንደርም መብራትም አላስፈለገም። ክዳኑን ከመክፈትህ በፊት ጥረገው፤ አንድ ጠብታ የጨው ውሃ ከገባ ተበላሸ። ጣሳው የብረት ይሁን፣ ፕላስቲክ ቅዝቃዜ በደንብ አያሳልፍም።

ወንድምዓለም፦ እኔ አሁንም ሁለት ቁራጭ በረዶ ብሌንደር ውስጥ ችግር የለውም ባይ ነኝ። ፍሪዘሩ ደካማ ለሆነ ሰው።

እህትዓለም፦ ሁለት ቁራጭ ከሆነ ወተቱን በዚያው ልክ ቀንስ። ከሁለት ካለፈ ግን እኔ የለሁበትም።

ወንድምዓለም፦ ሁለትን ካገኘሁ ይበቃኛል። አፈጫጩን ንገሪን፣ ከዚያ ወደ ማንጎው።

እህትዓለም፦ ለአንድ ትልቅ ወይም ለሁለት መለስተኛ ብርጭቆ፦ 300 ግራም የረጋ ቁራጭ፣ እሱም 12 ፍሬ ገደማ ነው፤ 80 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ወተት፣ ያው አንድ የቡና ሲኒ ገደማ። ቁራጩን አውጥተህ 5 ደቂቃ ይቆይ፣ ጠርዙ ይለስልስ። ወተቱ ከታች፣ ቁራጩ ከላይ። በጫን ለቀቅ ጀምር፣ ቀጥለህ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ፣ ከዚያ አቁም። ምላጩና ሞተሩ ይሞቃሉ፤ ሁለት ደቂቃ የፈጨኸው ሚልክሼክ በገዛ ብሌንደሩ ነው የቀለጠው።

ወንድምዓለም፦ ምላጩ እየዞረ ከላይ ያለው የማይነቃነቅበት ጊዜ አለ።

እህትዓለም፦ ምላጩ ዙሪያ አየር ተይዞ ነው። ወተት አትጨምር፤ ሁሉም ሰው እዚያ ላይ ነው የሚያቀጥነው። አጥፋ፣ ሶኬቱን ንቀል፣ በረጅም ማንኪያ ገፋ ገፋ አድርገህ ወደ ታች ላክ፣ እንደገና አስነሣ። ትንሽ ብሌንደር ከሆነ ግማሹን ግማሹን ፍጭ። ማታ ኃይል ሲወርድ ድምፁ ይከብዳል፤ የመቃጠል ሽታ ከመጣ ወዲያው አቁም። ብርጭቆውንም 15 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠው። ሞቃት ብርጭቆ ዳሩን ያቀልጠዋል።

ወንድምዓለም፦ ማንጎ!

እህትዓለም፦ ማንጎ። በደንብ የበሰለ፣ ተፈጭቶ በወንፊት የጠለለ፤ ክሩ ስትሮ ይዘጋል። ጭማቂውን ለብቻው አርጋው። 150 ግራም የማንጎ ቁራጭ፣ 150 የወተቱ ቁራጭ፣ ወተቱ 80 ሚሊ ሊትር እንደነበረ። ሎሚ አትጨምር፣ ወተቱን ይቆራርጠዋል።

ወንድምዓለም፦ ፓፓያስ? ስፕሪስ ላይ የሚወደድ ነው።

እህትዓለም፦ ስፕሪስ ላይ ወተት የለም፣ ስለዚህ ያምርበታል። ፓፓያ ውስጥ ፕሮቲን የሚሰብር ነገር አለ። ከወተት ጋር ሲቀመጥ ይመርራል፤ ካልበሰለ ደግሞ ይብስበታል። ከፈጨህ ወዲያው ጠጣው፣ አታስቀምጠው። አናናስም እንደዚያው ነው፤ እሱን ግን ከስኳር ጋር 5 ደቂቃ ብታፈላውና ብታቀዘቅዘው ችግሩ ይጠፋል።

ወንድምዓለም፦ የዘጌ ቡና አጠገባችን እያለ ቡናውን እንዳንረሳ።

እህትዓለም፦ ቡናው ላይ የሚሳሳቱት አፍልተው ቀዝቅዞ ሲጨምሩት ነው፤ ያው ውሃ ነው። ወፍራም አቦል አንድ ሲኒ፣ ዝቃጩ በደንብ የተቀመጠ፣ መሠረቱ ከእሳት እንደወረደ ግማሽ ሊትሩ ላይ ይደባለቅና አብሮ ይርጋ። ቸኮሌትም ከሆነ 2 ማንኪያ ካካዎ በ3 ማንኪያ የፈላ ውሃ ለውሰህ አቀዝቅዝ፤ ከዚያ ብሌንደሩ ውስጥ ካለው ቀዝቃዛ ወተት ግማሹን ቀንስለት። ካካዎ ደረቁን ቀዝቃዛ ወተት ላይ ከተበተነ ይንሳፈፋል፣ ጣዕሙም አይወጣም።

ወንድምዓለም፦ አቮካዶው ቀረ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ወተት የማይጠጣው አድማጫችን እየጠበቀ ነው።

እህትዓለም፦ ሁለቱን አንድ ላይ ልመልስ፤ የጾሙን ከወተቱ አላሳንሰውም። ወተቱን በሱፍ ተካው። አንድ ኩባያ ሱፍ ለቅመህ እጠብ፣ 5 ደቂቃ ቀቅል፣ ውሃውን ደፍተህ ከ3 ኩባያ ንጹሕ ውሃ ጋር ፍጭ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልል። በወንፊት ብቻ ከሆነ ገለባው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ውፍረቱ የሚመጣው ከሙዝ ነው፦ ቆዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ 2 ሙዝ፣ ልጠህ፣ በ2 ሴንቲ ሜትር ቆርጠህ አርጋው። ሳትልጥ ካረጋኸው ቆዳው አይለቅህም። ከረጋው ሙዝ ጋር የሚፈጨው፦ ሩብ አቮካዶ፣ 100 ሚሊ ሊትር የሱፍ ወተት፣ 1 ማንኪያ የተፈጨ ለውዝ፣ 3 ተምር ፍሬው ወጥቶ። አቮካዶው ስቡን ይሰጣል፤ ከሩብ ካለፈ ግን ሙዙን ይጫነዋል።

ወንድምዓለም፦ በረዶ አይገባበትም?

እህትዓለም፦ ሙዙ ራሱ ረግቷል እኮ!

ወንድምዓለም፦ ጠየቅሁ ብቻ። የተረፈው ሚልክሼክስ ምን ይሆናል? ብርጭቆው እንዳለ ፍሪዘር ይግባ?

እህትዓለም፦ ብርጭቆ ውስጥ አይግባ፣ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ብርጭቆውም ሊሰነጠቅ ይችላል። ሳይሞቅ ወደ ትሪው መልሰው፣ ክደነው፣ በማግስቱ በ2 ማንኪያ ወተት እንደገና ፍጨው። የሱፉን ግን በዚያው ቀን ጨርሰው፤ ሙዙም አቮካዶውም ካደረ ይጠቁራል።