ውሳኔው የማን ነው? በጎንደር ለገጠር ልማትና ለአካባቢ አስተዳደር አዲስ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ጥሪውን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

እዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁት ሁሉ የገጠር ልማትንና የአካባቢ አስተዳደርን በመጀመሪያ ምርጫችሁ እንዳልሞላችሁ አውቃለሁ። ሕክምና ሞልቶ ነጥብ የጎደለው፣ ምህንድስና አስቦ ምደባው እዚህ የጣለው አይጠፋም። ለበዓል ቤት ስትሄዱም «ስትጨርሱ ምንድን ነው የምትባሉት?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። የሕክምና ተማሪ በአንድ ቃል ይመልሳል። እናንተ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ብታስረዱም እናታችሁ «እንግዲህ ግብርና ቢሮ ነው» ብለው ይደመድማሉ። አይክፋችሁ። እኔም በወረዳ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ዓመት ስሠራ ዘመዶቼ ሥራዬን አጥርተው አያውቁትም ነበር።

ለዛሬ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ምንጭ ሲጎለብት፣ መንገድ ሲቀየስ፣ የወል ግጦሽ ለሥራ አጥ ወጣቶች ሲከፋፈል ስታዩ፣ ልማቱን ከማድነቃችሁ ወይም ከመንቀፋችሁ በፊት ውሳኔው የማን እንደነበረ ጠይቁ። ማን ወሰነ? ማን ሳይጠየቅ ቀረ? የት ተጻፈ? የተጎዳው ሰው ለማን አቤት ይላል? ስንዴውን ምን ዓይነት ዋግ እንደመታው የሰብል ባለሙያው ይነግራችኋል። ምርጥ ዘሩ ለምን ለሊቀ መንበሩ ዘመዶች ቀድሞ እንደደረሰ ግን የሰብል ባለሙያው አይነግራችሁም። እሱን ማወቅ የእናንተ ድርሻ ነው።

ይህ ዩኒቨርሲቲ ራሱ የበቀለው ከገጠር ችግር ነው። እንደ እኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7 ሺህ ያህል ሰው ፈጀ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር ሲከፈት ያሠለጥን የነበረው የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ነበር። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው እንደ ቆላድባ ወዳሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ይወጡ ነበር። እኔን ዘወትር የሚደንቀኝ የሳኒታሪያኑ ሥራ ነው። የጤና መኮንኑ መድኃኒት ይዟል፤ ነርሷም መርፌ ይዛለች። ሳኒታሪያኑ የያዘው አፉን ብቻ ነው። ያቆረ ውሃ እንዲፋሰስ፣ ምንጩ እንዲከለል፣ መጸዳጃ እንዲቆፈር የመንደሩን ሰው ማሳመን አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ጭቃ ሹሙንም ካህኑንም ሽማግሌውንም ማነጋገር ግድ ይለዋል። የእናንተ ትምህርት በዚህ ከተማ የተጀመረው ያኔ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ቀበሌ ልሂድ። ብዙዎቻችሁ ቀበሌን ከአያት ከቅድመ አያት የወረድን ነገር አድርጋችሁ ታዩት ይሆናል፤ የገጠር ቀበሌ ግን ዕድሜው ከአንድ ጎልማሳ ዕድሜ አይበልጥም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሔክታር በላይ እንዳይዝ ወሰነ፤ ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሔክታር በሆነ መሬት ላይም የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። የዛሬው የገጠር ቀበሌ መሠረቱ ይኸው ማኅበር ነው።

በጎንደርና በጎጃም አዋጁ የተሰማው እንደ ደቡቡ የአገራችን ክፍል አልነበረም። እዚህ ርስት ነበረ። ሰው በአባቱም በእናቱም ዘር ቆጥሮ «ድርሻዬን» ይላል፤ ክርክሩ ትውልድ ያስቆጥራል፤ ያም ሆኖ ገበሬው ራሱን የሚቆጥረው እንደ ባለ መሬት ነው። «መሬት ላራሹ» ለጭሰኛው ነፃነት ሲሆን ለርስተኛው ጥርጣሬ ነበር። ከአንድ ማእከል የወጣ አንድ ወረቀት በሁለት አካባቢ ሁለት ነገር ሲሆን ማየት ለእናንተ ትልቅ ትምህርት ነው። ሽማግሌዎች ስለ መሬት ሲጠየቁ መልሳቸውን ከአያታቸው ስም የሚጀምሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ አታቋርጧቸው።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ብዙ ተሻሽሏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። በ1994 ዓ.ም. በተጀመረው ያልተማከለ አስተዳደር ማሻሻያ ወረዳ በቀመር የተሰላ ጥቅል በጀት ከክልል መቀበል፣ ቅድሚያውንም ራሱ መወሰን ጀመረ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል በነበረበት አገር የወረዳ አስተዳዳሪ በምክር ቤት ፊት ቆሞ በጀት ማስጸደቁ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የሚገባው ተራዘመ። ያኔ ስንቶቻችሁ ፊደል እየቆጠራችሁ እንደነበረ እናንተው አስሉት። ለአምስት ዓመት የተሰጠ ውክልና ከጊዜው ሲያልፍ የቀበሌው ሰው ሹሙን የሚያይበት ዓይን ምን ይሆናል? ይህ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ጥያቄ ነው። አማካሪዎቻችሁ ከፈሩት ደግሞ በትሕትና ለምኗቸው።

በጀቱንም አንድ ጊዜ ሳትፈሩ አንብቡት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፤ በብዙ ወረዳ የጸደቀው በጀት በሰንጠረዥ ተዘጋጅቶ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። አብዛኛው ደመወዝ ነው። ለመምህር፣ ለጤና ባለሙያ፣ ለግብርና ሠራተኛ ተከፍሎ ሲያበቃ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ባለሙያው ሞተር ሳይክል አለው፤ ቤንዚን የለውም። ቀበሌው ደግሞ በአብዛኛው የራሱ በጀት የለውም፤ ተጨማሪ መማሪያ ክፍል ሲያስፈልግ ወደ ሕዝብ መዋጮ ይዞራል። ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ጉልበትና ብር የሚያዋጣው ገበሬው ነው። እዚህ ላይ የምትጠይቁት ጥያቄ አጭር ነው፤ ደረሰኝ ተሰጥቷል ወይ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የሚያሸንፈው ስብከት ሳይሆን ቁጥር ያለው ደረሰኝ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የቀበሌ ቃለ ጉባኤ ማንበብ እንድትለምዱ እፈልጋለሁ። ስብሰባው ብዙ ጊዜ የሚጠራው በበዓል ቀን ነው፤ ሞፈር ስለማይነሣ። ቅዳሴ ሲያልቅ ወንዱ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀራል፤ ሴቷ እንጀራና ቡናው ይጠብቃታልና ወደ ቤት ትመለሳለች። በኋላ መዝገቡን ስትገልጡ ባለ መስመር ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ቀኑ፣ ቦታው፣ አጀንዳው ተጽፎ ታገኛላችሁ። «አጀንዳ አንድ፣ የማዳበሪያ ዕዳ አሰባሰብ። አጀንዳ ሁለት፣ የተፋሰስ ሥራ። አጀንዳ ሦስት፣ ልዩ ልዩ።» ቀጥሎ ያቺ የማትቀር ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፤ «ከሰፊ ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል»። ሰፊው ውይይት ሁለት መስመር አይሞላም! ከታች ፊርማ አለ፤ መጻፍ ለማይችለው የአውራ ጣት አሻራ አለ። አሻራዎቹን እዩ፣ ስሞቹን ቁጠሩ፣ የሴቶቹን ለዩ። ከዚያ ያልፈረሙትን ፈልጋችሁ ቤታቸው ሂዱ። የቀበሌው ታሪክ እኩሌታው የሚገኘው «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ውስጥ ነው፤ የድንበር ግፊው፣ የተዘጋው የከብት መሄጃ፣ የመበለቷ አቤቱታ ሁሉ እዚያ ይወረወራል።

መበለቷን ካነሣሁ አይቀር፣ በክልላችን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሰጠውን የይዞታ ደብተር እዩ። የባልም የሚስትም ስም አለበት፤ ፎቶግራፋቸውም ይለጠፍበታል። ይህ ደብተር ለሴቶች ያደረገውን ማንም ማቃለል የለበትም፤ ስትፋታ ወይም ባሏ ሲሞት «ምን አለሽ?» የሚላት ዘመድ ፊት የምታወጣው ነገር አላት። ሆኖም ደብተር በሬ አይሆንም። በሬና ወንድ ጉልበት የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። አራሹ የባሏ ወንድም ከሆነ ውሉ በቃል ይቀራል፣ ዘሩ ሲያልፍ ይዘራል፣ ምርቱም ዐውድማ ላይ ሲካፈሉ እሷ ሳትኖር ይሰፈራል። በመዝገብ የመሬቱ ባለቤት እሷ ናት። ምን እንደሚዘራበት የሚወስነው ግን ሌላ ነው። ለዚህ ነው ከወረቀቱ ቀጥሎ ማሳው ድረስ መሄድ ያለባችሁ፤ በተለይ በመኸር፣ በመስፈሪያው ሰዓት።

ውሃ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራችኋል። በባህላዊ መስኖ የሚጠቀሙ ገበሬዎች የውሃ አባት አላቸው። ራሳቸው መርጠውት ተራ ያወጣል፣ ቦይ ያስጠርጋል፣ ተራ የሰበረውን ይቀጣል፤ የላይኛው ማሳ ሰው የታችኛውን እንዳያስጠማ ሌሊት ሳይቀር ቦዩን ይዞራል። በ2006 ዓ.ም. የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ወጣ፤ ማኅበር፣ መተዳደሪያ ደንብና ሒሳብ መዝገብ ያለው ሕጋዊ አካል እንዲኖር ፈቀደ። መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ፕሮጀክቱ ማኅበሩን ሲያቋቁም የውሃ አባቱን ሳያየው ሲያልፍ ነው። አንዱ በማኅተም ያዛል፣ ሌላው በልማድ ያዛል፤ ቦዩን የሚጠርግ ይጠፋል። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን የማኅበር ሊቀ መንበርነት ለውሃ አባቱ እሰጥ ነበር። አንዳንድ ባልደረቦቼ አይስማሙም፤ ልማድም የራሱ አድልዎ አለው ይላሉ። ውሸት አይሉም።

እምቦጭንም ሳላነሣ ማለፍ ይከብደኛል። በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ የደምቢያና የጎንደር ዙሪያ የባሕር ዳርቻ ገበሬዎች ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ዓመታት አለፉ። አረሙ በነፋስ ከቀበሌ ቀበሌ ይሄዳል። አንዱ ቀበሌ ያጸዳው በሳምንቱ ከጎረቤቱ ተገፍቶ ይመለሳል። አንዳንድ ጉዳይ በቀበሌ ሥልጣን ብቻ የማይወሰን መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ስለ ሪፖርት የምለው አለኝ። ጥር ሲገባ ሰው ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። ኮታው ከክልል ለዞን፣ ከዞን ለወረዳ፣ ከወረዳ ለቀበሌ፣ ከቀበሌ ለጎጥ እየተከፋፈለ ይወርዳል፤ ሪፖርቱ በዚያው መሰላል ይወጣል። በየዓመቱ ተሠራ የተባለውን እርከን ደምሩና ከቀበሌው የቆዳ ስፋት ጋር አስተያዩት። ከተተከለው ችግኝ ስንቱ እንደጸደቀም ጠይቁ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ግን ውሸታም ብላችሁ አትለፉት። ይህ ሰው የሰብል ምክር ይሰጣል፣ የማዳበሪያ ብድር ያስመልሳል፣ ስብሰባ ያስጠራል፣ ከቤተሰቡ ርቆ በቆርቆሮ ቤት ይኖራል። «60 በመቶ ሠራሁ» ብሎ እውነቱን ከጻፈ በግምገማ የሚቆመው እሱ ነው፤ «105 በመቶ» ብሎ የጻፈው ጎረቤቱ ይሸለማል። እውነት የሚጽፍ ሰው የሚቀጣበት አሠራር ውሸት ቢያመርት አይገርመኝም። እናንተ ነገ የወረዳ ኃላፊ ስትሆኑ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሰነድ ይኸው ሪፖርት ነው፤ ዝቅ ያለውን ቁጥር ይዞ የመጣውን ሰው እንዴት እንደምትቀበሉት ከአሁኑ አስቡበት።

በመጨረሻ ስለ ተግባር ልምምዳችሁ። ዛሬ ወደ ሩቅ ወረዳ እንደ ልብ መውጣት እንደማይቻል ሁላችንም እናውቃለን። ቅርቡን ግን አትናቁ። በአዘዞና በጠዳ አቅጣጫ ከተማው እያደገ የእርሻ መሬት እየገባበት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ ገበሬ የሚከፈለውን የመፈናቀያ ካሳ ከዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ ወደ 15 እጥፍ አሳድጎታል። ገቢው ግን በማን ግምት ተሰላ? የገማቹ ኮሚቴ አባላት እነማን ናቸው? ገንዘቡ በየትኛው ስም ባንክ ገባ፤ በባል ብቻ ወይስ በሁለቱ? በታክሲ ደርሳችሁ የምትመለሱበት ሥራ ነው። ስትሄዱ ከሊቀ መንበሩ ጋር አትጀምሩ፤ የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ለሥራ አስኪያጁ ስጡና መዝገቡን ጠይቁ። ቡና ከቀረበ ጠጡ፤ ስማችሁንና ለምን እንደመጣችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ ገበሬውን «አንተ» አትበሉት፤ «ጋሼ» ወይም «አባባ» በሉ። የምትጽፉትን ለማን እንደምትሰጡም ሳይጠይቋችሁ ንገሯቸው።

አስተባባሪው ለጥያቄ ጊዜ እንደተያዘ ነግረውኛል። በተለይ ስለ ውሃ አባቱ የማትስማሙ ካላችሁ ከእናንተ ብንጀምር ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ።