ከጉዳቱ በፊት ያለው ሳምንት
በጅማ ለእግር ኳስ አሰልጣኞች፣ ለቡድን መሪዎችና ለወጌሻዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ የቡድን መሪዎች፣ ወጌሻዎች፣ ከየወረዳው የመጣችሁ የታዳጊ ፕሮጀክት ባለሙያዎችና ተጫዋቾች፤ እንደምን አደራችሁ።

የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ነው፤ ከእኔ ቀጥሎ ደግሞ ቡና አለ። ጅማ ላይ ቡና አስቀዝቅዞ ንግግር የሚያስረዝም ሰው ሁለተኛ አይጋበዝም፤ ስለዚህ በቀጥታ ልግባ።

ተጫዋች ሲጎዳ የምንጠይቀው የታወቀ ነው። ሜዳው ጭቃ ነበር ወይ? ታኬታው አርጅቷል ወይ? ሰውነቱን በደንብ አፍታቷል ወይ? ማን ነው የገባበት? ዝናብ በማይጠፋበት በዚህ አገር የሜዳን ነገር ማቃለል አይቻልም፤ ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ አንድ ልጨምር የመጣሁት፦ ልጁ ያለፈውን ሳምንት እንዴት ሰነበተ? ይህን ጥያቄ የሕክምና ኮሚቴውም፣ አሰልጣኙም፣ የክለቡ ጽሕፈት ቤትም ሲጠይቁት አልሰማም። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ በእኛው በአመራሮቹ እጅ ያለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 ቶማስ ሆምስና ሪቻርድ ራሄ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ሰውን የሚያናጉ 43 የሕይወት ለውጦችን መዝግበው ለእያንዳንዱ ክብደት ሰጡት። የትዳር ጓደኛ ሞት ከላይ ነው፤ ከዚያ በታች ፍቺ፣ ዕዳ፣ የሥራ መለወጥ፣ የቤት መቀየር አለ። ጋብቻ እንኳ አልቀረም፤ ደስታም ያናጋል። የስፖርት ተመራማሪዎች ዝርዝሩን ወደ ሜዳ ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ማርክ አንደርሰንና ጂን ዊሊያምስ ነገሩን አንድ ላይ አስረው ጭንቀት ወደ ጉዳት የሚደርስበትን መንገድ አሳዩ። ጭንቀት ብቻውን ጅማት አይበጥስም፤ በዓይንና በጡንቻ በኩል አልፎ ነው የሚደርሰው።

እንዴት እንደሆነ በአንድ ተጫዋች እንየው። የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ነው እንበል፤ ዕድሜው ሃያ አንድ። ደመወዙ ሁለት ወር ዘግይቷል። እናቱ ሊሙ ናቸው፤ ትናንት ማታ ደውለው የታናሽ እህቱ ሕመም እንደጠናባት ነግረውታል። ውሉ ሰኔ ላይ ያልቃል። ባለፈው ጨዋታ በ60ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ሲወጣ አሰልጣኙ ቀና ብሎም አላየውም። ዛሬ ኳስ ይዞ መስመሩን ተከትሎ ሲሮጥ ዓይኑ ኳሱ ላይ ተተክሏል። ደህና ሰንብቶ ቢሆን ከግራ ጎኑ ተንሸራቶ የሚመጣውን ተከላካይ በዓይኑ ጠርዝ ያየው፣ ኳሷን ነካ አድርጎ ከላይ ይዘለው ነበር። ውጥረት ሲበዛ ግን የዓይን አድማስ ይጠባል፤ አላየውም። ባየው ጊዜ ደግሞ እግሩን የሚዘረጋውና የሚያጥፈው ጡንቻ በአንድ ጊዜ ገትረው ነበርና እንደልቡ አልታዘዘለትም። ገላው ዞረ፤ ታኬታው መሬት እንደያዘ ቀረ። ዳኛው ካርድ ያወጣል፣ ቃሬዛ ይገባል፣ እኛም «ተከላካዩ ነው የጨረሰው» ብለን ወደ ቤታችን እንሄዳለን።

ተከላካዩ ነጻ ነው እያልኩ አይደለም። አንዱ ተጫዋች ያንኑ ሸርተቴ ዘሎ ሲያልፈው ሌላው ለምን እንደወደቀበት እንመርምር ነው የምለው።

ነገሩን ማጋነንም አልፈልግም። ቀድሞ የተጎዳ ተጫዋች ዳግም የመጎዳት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑ ዛሬም ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው፤ የጨዋታ ብዛትና ድካምም አሉ። በስነ ልቦናና በጉዳት መካከል ያለው ዝምድና መጠነኛ ነው። ከተጠኑት መካከል ጠንከር ብሎ የወጣው የደረሰው ችግር ብዛት ሳይሆን ሰውነት ለውጥረት የሚሰጠው ምላሽ ነው። ይህ ደግሞ መልካም ዜና ነው፤ ችግርን ማስቀረት ባንችል ምላሽን ማሠልጠን እንችላለን። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ አንድ ጥናት ለጉዳት ተጋላጭ የሆኑ የእግር ኳስ ተጫዋቾችን በመጠይቅ ለየና ለሁለት ከፈላቸው። አንዱ ቡድን ሰውነትን ማላላት፣ ውጥረትን መቆጣጠር፣ ግብ ማስቀመጥና በራስ መተማመን ላይ ጥቂት ጊዜ ሠለጠነ፤ ሌላው እንደነበረ ቀጠለ። ከሠለጠኑት 13 ተጫዋቾች 10ሩ ሳይጎዱ ጨረሱ። ካልሠለጠኑት 16 መካከል ያልተጎዱት 3 ብቻ ነበሩ። የተጠኑት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ቢሆንም ውድ መሣሪያ እንዳላስፈለገ ልብ በሉ።

አሁን ለአሰልጣኞች ትንሽ የሚጎረብጥ ነገር ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2018 ያን ኤክስትራንድና ባልደረቦቹ በ17 የአውሮፓ አገሮች የሚገኙ 36 ታላላቅ ክለቦችን የአሰልጣኝ አመራር ከጉዳት መዝገብ ጋር አስተያዩ። ስለ አሰልጣኙ ጠባይ የተጠየቁት የቡድኑ ሐኪሞች ነበሩ፤ ብልህ ምርጫ ነው፣ አሰልጣኝ ስለ ራሱ ቢጠየቅ ሁሉም መልአክ ነው። ተጫዋቾቻቸውን የሚያማክሩና ሐሳባቸውን የሚሰሙ አሰልጣኞች ባሉባቸው ክለቦች ከባድ ጉዳት አነስ ብሎ ተገኘ። ምናልባት ቡድኑ ጤነኛ ሲሆን አሰልጣኙም ደግ ይሆን ይሆናል፤ የቱ የቱን እንዳመጣ እንዲህ ያለ ጥናት ብቻውን አይቆርጥም። ሆኖም ቀይሮ ያስወጣውን ልጅ ትከሻውን መታ አድርጎ ሁለት ቃል መናገር የሚጎዳው አሰልጣኝ የለም።

ወደ ቤታችን ልምጣ። ተመራማሪዎቹ ከታላላቅ መከራዎች ይልቅ በየቀኑ የሚደራረቡ ትናንሽ ብስጭቶች ላይ አብዝተው ማተኮር ከጀመሩ ቆይተዋል። እነዚህን ለማየት ስዊድን መሄድ አያስፈልግም። ደመወዝ መዘግየት አለ፤ ልጁ ለባለሱቅ ምን እንደሚል እያሰበ ነው የሚያሟሙቀው። የአንድ ዓመት ውል አለ፤ ከመጋቢት ጀምሮ እያንዳንዱ ኳስ የቅጥር ፈተና ይሆንበታል። ካምፕ ውስጥ ለስድስት በአንድ ክፍል ማደር አለ። የሴቶች ቡድን የምታሠለጥኑ ደግሞ የበለጠ ታውቃላችሁ፤ ልጅቷ ልምምድ የምትደርሰው ቤት ውስጥ አጥባና አብስላ፣ «ዛሬም ኳስ ነው?» ተብላ ነው። የክለብ ሥራ አስኪያጆች እዚህ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ደመወዝን በሰዓቱ መክፈልን ከጉዳት መከላከያ በጀት ላይ ጻፉት። ከበረዶ ከረጢትና ከፋሻ ቀጥሎ ይቀመጥ።

የከተማው ጉጉትም ሸክም ነው። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ ይህች ከተማ እንዴት እንደነበረች ታስታውሳላችሁ። ደስታው የሁላችን ነው። ከዚያ ወዲህ ግን እዚህ ማልያ የሚለብስ ታዳጊ ሁሉ በዚያ ዓመት እየተለካ ነው፤ ልጁ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ በዚያ እንደሚለካም ማንም አልነገረውም።

ስለ እንቅልፍም ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ 112 ታዳጊ ስፖርተኞች ላይ የተደረገ ጥናት በሌሊት ከ8 ሰዓት በታች የሚተኙት የመጎዳት ዕድላቸው በ1.7 እጥፍ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ጅማ ላይ ቆሜ ስለ እንቅልፍ እያወራሁ ጫትን ብዘል ትስቁብኛላችሁ። ከሰዓት በኋላ የተቃመ ጫት ሌሊቱን ይበላል፤ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ በማግስቱ ድብርቱ አለ፤ ልጁ ሜዳ የሚገባው ሁለቱንም ተሸክሞ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲን የተባለው ንጥረ ነገር በውድድር ወቅት በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮግራም ካለፈ በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ እንደሚያስቀጣም እወቁ። ከዚህ በላይ አልሰብክም፤ ሁላችሁም አዋቂዎች ናችሁ።

በጣም የምንቸኩልበት ቦታ መመለሻው ነው። የፊት መስቀለኛ የጉልበት ጅማታቸው ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ስፖርተኞች መካከል ወደ ቀድሞ ደረጃቸው የሚመለሱት ከመቶ 65 ያህሉ ናቸው፤ ወደ ፉክክር ስፖርት የሚመለሱት ደግሞ ከመቶ 55 ገደማ። ጉልበታቸው ሲለካ ደህና ሆኖ ሳለ የማይመለሱ አሉ። አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ይህን የሚለካ የ12 ጥያቄ መጠይቅ አዘጋጅተዋል። እኛ ዘንድ ወጌሻው ጉልበቱን አጥፎ ዘርግቶ «ድነሃል» ካለ ልጁ በማግስቱ ሜዳ ነው። ፍርሃቱን ግን አይታችሁታል፦ የአየር ኳስ ላይ ግማሽ ልብ ይዘላል፣ ለሁለት በሚደርሱበት ኳስ ላይ እግሩን ይሰበስባል፣ በደህናው እግሩ ብቻ ያርፋል። ያ ደህናው እግርም ቀጥሎ ሊጎዳ ይችላል። እንዲህ ስታዩ «ፈሪ» አትበሉት፤ የንክኪ ልምምዱን ቀስ በቀስ መልሱለት።

አንጋፋዎቹ የሚሉትን አውቃለሁ። «እኛ በባዶ እግራችን፣ ድንጋይ በሞላበት ሜዳ ተጫውተን ምን ሆንን?» ይላሉ። እዚህ አዳራሽ ሆነው የሚሉት ያልሆኑት ናቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ጉልበታቸው ሄዶ ኳስ የተዉት ዛሬ አልተጋበዙም።

የማቀርበው ነገር አንድ ወረቀት ነው። በየሳምንቱ ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት ተጫዋቹ አራት ጥያቄ ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ይመልሳል፤ 1 መጥፎ፣ 5 ጥሩ ማለት ነው፦ እንቅልፍህ እንዴት ነበር? ሰውነትህ ምን ይላል? ልብህ ሜዳው ላይ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? የሰነበተ ጭንቀት አለ? ምክንያቱን እንዲጽፍ አይገደድም። ሁለት ሳምንት ተከታታይ ቁጥሩ የወረደ ልጅ የንክኪ ልምምዱ ይቀነስለት፤ አንድ የሚያምነው ሰው ያነጋግረው። የኀዘን ወይም የከባድ ሕመም ምልክት ካለ ወደ ጤና ባለሙያ ይላክ፤ የአእምሮ ጤና የሚያክም ሰው ለመፈለግ ከዚህ ከተማ መውጣት አያስፈልግም።

ወረቀቱን የሚይዘው ወጌሻው እንጂ ዋናው አሰልጣኝ አይሁን። ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። «2» ብሎ የጻፈ አንድ ልጅ ቅዳሜ ከቋሚ አሰላለፍ ከወጣ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሃያ አምስቱም «5» ይጽፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ለምንም አይጠቅምም። ቅጹ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተባዝቶ መውጫው ጋ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ለየቡድናችሁ የሚበቃችሁን ያህል ውሰዱ።

አመሰግናለሁ። ገለቶማ።