የህንድ ፊልም ዘፈን ሁሉ ሂንዲ አይደለም፤ ዛሬ ስለ ታሚሎች እናውራ

(ክራር፣ በትዝታ ቅኝት)

ሰላም ቤተሰብ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ይህን ቅኝት የማያውቅ የለም። ትዝታ ነው፣ ሜጀሩ ትዝታ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ የለም፣ ሲ የለም፣ አምስት ድምፅ ብቻ። አሁን ወደ ደቡብ ህንድ፣ ወደ ቼናይ እንሂድ። እዚያ ታሚል በሚባለው የደቡብ ህንድ ቋንቋ ለሚሠራ ፊልም የሚጫወት ቫዮሊኒስት «ሞሃናም ተጫወት» ቢባል የሚያወጣው እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ነው። እነዚሁኑ! ሞሃናም ካርናቲክ በሚባለው የደቡብ ህንድ ክላሲካል ሙዚቃ ከታወቁት ራጋዎች (እንደ እኛ ቅኝት በሉት) አንዱ ነው፤ የፊልም ዜማ ደራሲዎችም ደጋግመው ይሄዱበታል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ይሄን ነገር በጣም ነው የምወደው። ድምፆቹ አንድ ናቸው፣ ስሜቱ ግን ሌላ። እኛ ጋ ትዝታ ሲጀመር ሰው ይተክዛል፤ ያለፈ ፍቅር ይመጣል፣ የራቀ አገር ይመጣል። እነሱ ጋ ሞሃናም የደስታ ነው፣ የፍቅር ነው። ለምን? አያያዙ ስለሚለያይ ነዋ። የካርናቲክ ዘፋኝ ሬ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ አይቆምም። ያወዛውዘዋል፣ ወደ ሚ ያስጠጋዋል፣ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ያስጠጋዋል። ከሥር ታምቡራ የሚባለው ባለ ክር መሣሪያ ዶና ሶልን ሳያቋርጥ ይዟል። ምሪዳንጋም የሚባለው ከበሮ ብዙ ጊዜ በስምንት ምት ይከተላል። የእኛ የትዝታ ዘፋኝ ደግሞ ስንኙ መጨረሻ ላይ ድምፁን እያንቀጠቀጠ ዝቅ ያደርገዋል፣ ያኔ ሆድ ይባባል። «ታዲያ ማን ከማን ወሰደ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አምስቱ ድምፆች ቻይናም አሉ፣ ስኮትላንድም አሉ። የማንም የግል ንብረት አይደሉም። የራስ የሚሆነው አያያዙ ነው።

ቴክኒኩን ቶሎ ልለፈው፤ ራጋ ምን እንደሆነ ባለፈው አይተናል። የዘፈኑ አሠራር እንዲህ ነው፦ ዳይሬክተሩ ትዕይንቱን ይነግራል፣ የዜማ ደራሲው ብዙ ጊዜ ዜማውን ያስቀድማል፣ ገጣሚው ዜማው ላይ ግጥም ያስገባል፣ ዘፋኝ ስቱዲዮ ገብቶ ይቀዳል፣ ከዚያ ቀረጻው ቦታ ዘፈኑ ተለቅቆ ተዋናዩ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። በቃ።

ከንፈሩን ብቻ፣ አዎ። ድምፁ የሌላ ሰው ነው፣ ሕዝቡም ያውቃል፣ ዘፋኙም በስሙ ኮከብ ነው። ቲ.ኤም. ሳውንደራራጃንን ውሰዱ። በዘመኑ ለነበሩት ለሁለቱ ታላላቅ ተዋናዮች፣ ለኤም.ጂ. ራማቻንድራንም ለሺቫጂ ጋኔሳንም የሚዘፍነው እሱ ነበር። አንድ ጉሮሮ! ግን ድምፁን እንደ ተዋናዩ ያስተካክለዋል፣ አድማጩ ፊልሙን ሳያይ በሬዲዮ ብቻ የማን ዘፈን እንደሆነ ይለይ ነበር። ይሄ ትልቅ ጥበብ ነው።

ቪዲዮውን ከወደዳችሁት ላይክ አድርጉ፣ ሳብስክራይብ ያላደረጋችሁም አድርጉ፤ ለዚህ ቻናል እውነትም ይጠቅማል።

አሁን ወደ ኮሜንታችሁ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ብዙዎቻችሁ «ያው ቦሊውድ አይደል እንዴ? ያው ሂንዲ» ብላችሁ ጽፋችኋል። አይደለም ወገኖቼ! ይሄን በደንብ እናጥራው። ቦሊውድ ሙምባይ ነው፣ ቋንቋው ሂንዲ ነው። የታሚል ፊልም ቤቱ ቼናይ ነው፣ በድሮ ስሟ ማድራስ፣ ስቱዲዮዎቹ የተሰበሰቡትም ኮዳምባካም በሚባለው ሰፈር። የመጀመሪያው ድምፅ ያለው የሂንዲ ፊልም የወጣው በ1931 ነው፣ የታሚሉም በ1931። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ቋንቋውማ ጭራሽ አይገናኝም። ሂንዲ በዘር ሐረጉ ከታሚል ይልቅ ለእንግሊዝኛ ይቀርባል፣ ታሚል ድራቪድያን ከሚባለው ከሌላ ቤተሰብ ነው። ታሚልን በስሪላንካ ታገኙታላችሁ፣ በማሌዥያ ታገኙታላችሁ፣ በሲንጋፖር ደግሞ ከአራቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ለታሚሎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በ1965 ሂንዲ ብቻውን የአገሪቱ የሥራ ቋንቋ ይሁን ሲባል ማድራስ በተቃውሞ ተናወጠች፣ ሰው ሞቷል። በ1967 በማድራስ ግዛት ምርጫ ያንን ተቃውሞ ይዞ የቆመው ፓርቲ አሸነፈ። መሪው አናዱራይ ማን ነበር? ድራማና ፊልም ጸሐፊ! ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ካሩናኒዲም የፊልም ጸሐፊ። በ1977 ቅድም ያልኳችሁ ራማቻንድራን ራሱ፣ ተዋናዩ፣ የግዛቲቱ ዋና ሚኒስትር ሆነ። በዚያ አገር ፊልምና የቋንቋ ክብር አብረው ነው ያደጉት። ስለዚህ ታሚሉን «ያው ሂንዲ» ስትሉት ታስቀይሙታላችሁ፣ ልክም ነው ቢቀየም።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ኤ.አር. ራህማን ነው ብዙውን ያደናገረው። ማድራስ የተወለደ፣ አባቱ የፊልም ሙዚቀኛ የነበረ፣ በዘጠኝ ዓመቱ አባቱን ያጣ ልጅ ነው። ገና በወጣትነቱ በታላቁ የፊልም ዜማ ደራሲ በኢላያራጃ ቡድን ኪቦርድ ይጫወት ነበር። ከዚያ በ1992 ዳይሬክተሩ ማኒ ራትናም «ሮጃ» የሚል ፊልም ሠራና ሙዚቃውን ለእሱ ሰጠው። ፊልሙ ታሚል ነው። ዘፈኑ ታሚል ነው። ግን በሂንዲ ተተርጉሞ መላው ህንድ ሰማው፣ እኛም ጋ ብዙው ሰው የሰማው ሂንዲውን ነው። በቃ ከዚያ «የቦሊውዱ ራህማን» ተባለ። በ2009 ሁለት ኦስካር ሲወስድም እንዲሁ። መድረኩ ላይ ግን ንግግሩን ሲቋጭ በታሚል ነው ፈጣሪን ያመሰገነው፤ ሄዳችሁ እዩት።

ኢላያራጃን ሳልነካ አልወጣም፣ ለእኔ ከሁሉም በላይ እሱ ነው። የገጠር ልጅ ነው፣ ከወንድሙ የሙዚቃ ቡድን ጋር መንደር ለመንደር እየዞረ ያደገ። በ1976 በመጀመሪያ ፊልሙ የገጠሩን ዜማ ይዞ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ከ1000 በላይ ፊልም ሠርቷል። ሙሉውን የኦርኬስትራ ክፍል በእጁ በኖታ ይጽፋል፣ ለሙዚቀኞቹ ይታደላል፣ ይጫወቱታል። ቫዮሊኖቹ እንደ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ እንደ ባህ ሥራ እርስ በርስ እየተመላለሱ ከበሮው የመንደር ከበሮ ይሆናል።

ለቀጣዩ ሳምንት የቤት ሥራ አለ። የ«ሮጃ»ን የመጀመሪያ ዘፈን በታሚል ስሙት፣ ሚንሚኒ ናት የዘፈነችው። ከዚያ ሂንዲውን ስሙ። የቱ ላይ ቃሉ ከዜማው ጋር እንደተስማማ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው ቪዲዮ አነባቸዋለሁ። ቻው ቤተሰብ!